እየሳቁ የሚገቡት ሰው

ጸዮንና አምሃን ያስተዋወቃቸው የተበላሸ ሊፍት ነው። ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው የአሮጌ ፎቆች ሰፈር ለሚኖር ሰው የሊፍት መቆም ወሬ አይሆንም፤ ስለዚህ ጸዮን ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ቀጥ ሲልባት አልጮኸችም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ስትነካካ ከበሩ ማዶ የወንድ ድምፅ ሰማች። ሰውዬው በስልክ፣ ያውም በአማርኛ ያወራል።

«አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ ሊፍት ውስጥ ሰው ስታክ አድርጎ ነው። አዎ፣ ሴት ናት አሉ። ድምፅ የላትም፤ ወይ ጀግና ናት ወይ ተኝታለች።»

«አልተኛሁም» አለች ጸዮን።

ከማዶ ሳቅ መጣ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየችው የሥራ ጫማውን ነበር፣ ከዚያ ቅባት የነካውን ሱሪ፣ በመጨረሻ ጎንበስ ያለውን፣ በኀፍረት የሚስቀውን ፊት። እጁን ዘርግቶ አወጣት። ካወጣትም በኋላ እጇን ቶሎ አልለቀቀውም፤ እሷም ልቀቀኝ አላለችውም።

ከዚያ ወዲህ ሊፍቱ ደህና ሆኖ ሳለ ሊፍት ጠጋኙ አምሃ «ቼክ ላድርገው» እያለ ይመላለስ ጀመር። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ሱፐር እንኳ ነገሩ ገብቶት አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል።

አንድ ቀን ብሉር መንገድ ላይ ምሳ እየበሉ አምሃ ስለ አባቱ አጫወታት።

«አባዬ ቁማርተኛ ነበር። ሥራ ነበርኩ እያለ ካዚኖ ያድር ነበር። እናቴ በዚሁ ተቃጥላ ነው የሞተችው። ከሷ ቀብር በኋላ ነው ጌታን ያገኘው። አሁን የቸርቻችን ሽማግሌ ነው፤ ሎተሪ የሚሸጥበት ሱቅ ሲያይ መንገድ ይሻገራል።»

ጸዮን ጉርሻዋ አፏ ውስጥ እንዳለ ቀረች።

«አንቺስ አሁን ምንድን ነው ዲዛይን የምታደርጊው?» አላት፤ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ መሆኗን ነግራዋለች።

«መሃል ከተማ ሊሠራ የታሰበ ታወር አለ» አለች። «ሆቴል ነው።»

ከላይ ሆቴል መሆኑ እውነት ነው። ከሥሩ ያለው ግን ካዚኖ ነበር፤ የካዚኖውን ወለል የነደፈችው ደግሞ ራሷ። መስኮት የለውም፣ ሰዓት የለውም። አለቃዋን ከሁሉ በላይ ያስደሰተው መውጫው ነበር። ልሂድ ብሎ የተነሣ ሰው በሩን በቀጥታ አያገኘውም፤ መንገዱ ቀስ እያለ እየተጠማዘዘ በማሽኖቹ መካከል ይመልሰዋል። ይህን ሐሳብ ስታመጣ የሥራ ባልደረቦቿ አጨብጭበውላት ነበር። ጭብጨባው ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር፤ ብሉር ላይ ከአምሃ ፊት ተቀምጣ ስታስበው ግን አንገበገባት።

ሌላም ነገር አለ። በሕንፃ ሥዕል ላይ ሰው መለጠፍ የሙያው ልማድ ነው፤ ሰው ከሌለበት የሕንፃው መጠን አይታወቅም። ጸዮን ከኢንተርኔት የሚገኙት ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው ስላስቸገሯት፣ አምሃን ከማወቋ በፊት አንድ ቅዳሜ ብሉር ወርዳ መንገደኛውን በስልኳ ስታነሣ ዋለች። በጣም የወደደቻቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚስቁ አንድ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ነበሩ። ከፎቶው ቆርጣ አወጣቻቸውና በታወሩ ትልቅ በር ላይ፣ ሊገቡ ሲሉ አድርጋ አቆመቻቸው።

አምሃ ከአባቱ ጋር ሊያስተዋውቃት አንድ እሑድ ቶርንክሊፍ ፓርክ ወሰዳት። አባትየው ከቸርች መግባታቸው ነበርና በሩን የከፈቱት ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ነው። ጸዮን ሰላምታውን ረስታ አፍጥጣ አየቻቸው። ባርኔጣው የፎቶው ባርኔጣ፣ ሳቁም ያው ነው።

«ግቢ እንጂ የኔ ልጅ። ያልተኛሽው አንቺ ነሽ?» አሏት ጋሽ ሀብተማርያም።

ያኔ ብትናገር ምን ነበረበት? «ጋሼ፣ አንድ ቀን ሳላስፈቅድ ፎቶ አንስቼዎታለሁ» ብትላቸው ይስቁ ነበር። ግን የት ወሰድሽው ማለታቸው አይቀርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሷ ደበቀች። ምሳ ሲቀርብ ጋሽ ሀብተማርያም ተነሥተው ጸለዩ። «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ ባርካት። የእጇንም ሥራ ባርክላት።» ከሁሉም ጮክ ብላ አሜን ያለችው ጸዮን ነበረች።

ቡና ሲጠጡ አባትየው እንደ ቀልድ ወሬ ጣል አደረጉ። መሃል ከተማ ካዚኖ ሊሠራ ነው፣ የሕዝብ ስብሰባ ተጠርቷል፣ ከቸርቻችን አንተ ተናገር ብለውኛል፣ አምሃ ያስተረጉምልኛል አሉ። ጸዮን ቡናውን ሳትጨርስ ሲኒዋን አስቀመጠች።

በማግሥቱ ቢሮ እንደገባች ሽማግሌውን ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋች። ለስብሰባው የሚቆመው ትልቁ ሥዕል ግን ታትሞ አልቋል። ይቀየር ስትለው አለቃዋ ደግሞ «እሳቸውማ የሥዕሉ ውበት ናቸው» ብሎ ሸኛት። ለአምሃ ልትነግረው ደወለች፤ ምሳ በልተሃል ወይ ብላ ጠይቃው ዘጋች። ስብሰባው እስኪደርስ ቀን በቀን እንዲሁ አደረገች። አምሃ እንዴት ብታስብልኝ ነው ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ። ጸዮን ከአለቃዋ ጎን ከንድፍ ሠሪዎቹ ጠረጴዛ ተቀምጣለች። አምሃ አባቱን ደግፎ ሲገባ አያት፤ መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ የተቀመጠችበትን ጠረጴዛ አየ፣ ፈገግታው ጠፋ።

ጋሽ ሀብተማርያም ድምፅ ማጉያውን ያዙ። ቀና ሲሉ ሥዕሉ ፊት ለፊታቸው ነው። ከቸርች የመጡት ሰዎች አስቀድመው አይተው ኖሮ እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ። ሽማግሌው ሥዕሉን ብዙ አዩት።

«እዚያ በር ላይ ያለው ሰው እኔ ነኝ» አሉ።

አምሃ ሳይተረጉም ቀረ። ዓይኑ ጸዮን ላይ ነበር።

አባቱ ግን ቀጠሉ። «የሠራው ሰው አያውቀኝም ይሆናል። ግን አልዋሸም። ልክ እንዲህ እየሳቅሁ ነበር የምገባው። ስወጣ ያለውን መልኬን የሚሥል የለም። እሱን የምታውቀው ሚስቴ ነበረች፤ እሷም አፈር ለብሳለች።»

አማርኛ የማያውቀው ሰው ሁሉ አምሃን ይጠብቃል። አምሃ አንገቱን ደፋ።

ጸዮን ከጠረጴዛዋ ተነሣች። አለቃዋ እጅጌዋን ሲይዛት ቀስ ብላ አስለቀቀችው፤ ሽማግሌው ያሉትን አንዲት ቃል ሳታጎድል በእንግሊዝኛ ተረጎመችው። ከዚያም የራሷን ጨመረች። እኚህን ሰው ሳታስፈቅድ እዚያ በር ላይ ያቆመቻቸው እሷ መሆኗን፣ ሰው በቀላሉ እንዳይወጣ መውጫውን ያጣመመችውም እሷ መሆኗን ተናገረች። ወደ ጋሽ ሀብተማርያም ዞራ በአማርኛ «ጋሼ፣ አውቄ ነው ዝም ያልኩዎት» አለቻቸው።

ሥራዋ ያን ቀን አበቃ። አምሃም አላናገራትም። መውጫው ላይ አጠገቧ የቆሙት ሽማግሌው ናቸው።

«በሬ ላይ ስታዪኝ ስትደነግጪ አፍራ ነው ብዬ ነበር» አሏት። «እኔ ብዙ ሰው ዋሽቼ ይቅር ተብያለሁ፤ ባንቺ ላይ ፈራጅ አልሆንም። ልጄ ግን እኔንም ይቅር ለማለት ዓመታት ፈጅቶበታል።»

የካዚኖው ጉዳይ ለሌላ ቀጠሮ ተላለፈ። አንድ ቀን ጸዮን ታወሩ ሊሠራ በታሰበበት ቦታ ስታልፍ አጥሩ ላይ አዲስ የተሰቀለውን ሥዕል አየች፤ ሽማግሌው ወጥተው በቦታቸው ጃንጥላ የያዘች ሴት ገብታለች። ይህችስ የማን እናት ትሆን ብላ ረጅም ሰዓት ቆመች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆመባት። ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ከውስጥ ሰው አለ?» አለ ድምፁ።

የአምሃ ድምፅ መሆኑን አወቀች። «አለ» አለች በመከራ።

መፍቻውን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ሰማችው።

«ለምን ሆቴል አልሽኝ?»

«እንዳላጣህ ብዬ።»

«አባዬም እናቴን የሚዋሻት እንዳላጣት እያለ ነበር።»

አለቀሰች፤ እንዳይሰማት አፏን በእጇ ያዘች። ሰምቷታል። በሩ ተንቀሳቀሰ፤ መጀመሪያ ጫማው፣ ከዚያ ጎንበስ ያለው ፊቱ ታየ። ከስቷል።

«ይቅር ብለኸኛል?»

«ገና ነው» አለ አምሃ። እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋላት። «ግን ነይ፣ ውጪ።»