የግራው ጥግ

ላቀው ፓወር ባንኩን ያቀበላት ዐይን ኻሊድ በሚባል የዐረብ አገር ሰፈር ባለ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ቲማቲም የሚመርጥ መስሎ ነው።

«ለካሳነሽ ነው። ስልኳ እንዳይዘጋባት። ዛሬውኑ አድርሺላት፣ ወንፊት።»

«ኢንሻአላህ።»

ወንፊት የምስጢር ስሟ ነው፤ ያወጣላትም አለቃዋ ላቀው። በሠራተኝነት የገባችባት ማዳም ግን ልብስ ተኳሿ ጥሩወርቅ ብላ ነው የምታውቃት። እሷና ላቀው የሚሠሩት የሰው ነጋዴዎችን ለሚያሳድድ የፖሊስ ክፍል ነው። እሑድ በነጋዴዎቹ ላይ የምትመሰክረው ካሳነሽ ረያን በሚባል ሰፈር ተደብቃለች። ከእሷ በፊት ሁለት ምስክሮች ከተደበቁበት ታፍነው ተወስደዋል፤ በሁለቱም ዕቃ ውስጥ መከታተያ ተገኝቷል። ጥሩወርቅ የመከታተያዎቹን ሠሪ ደርሳበታለች፤ ስሙን ግን ለማንም አልተናገረችም። የቀራት ያሠራው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው።

ሠሪው ያሬድ ነው፣ የማዳም ሾፌር። መኝታ ክፍሉ ውስጥ በኮምፒውተር በሚታዘዝ ትንሽ ማሽን መዳብ የተለበጠ ሰሌዳ እየፈለፈለ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ሰርኪት፣ ያወጣል። በስልክ የሚያዙት ሰዎች ለተሰረቀ መኪና መፈለጊያ ነው ብለውታል፤ አምኗል። ሰሌዳው የሚቀመጥበት የማሽኑ አልጋ ስለሚያዘነብል መቁረጫው የግራውን ጥግ በደንብ አይነካውም። ያሬድ ጥጉን በሽንኩርት ቢላ ይፍቃል፣ ጥሩወርቅ የስልኳን መብራት ትይዝለታለች። የዋህነቱ ያናድዳታል። ትወደዋለችም።

ወደ ካሳነሽ በሚወስዳት ታክሲ ውስጥ ፓወር ባንኩን በእጇ መዘነችው። ቀለላት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባል የለ? በጥፍር መቁረጫ ፈልቅቃ ከፈተችው።

ውስጡ ያለው ትንሽ ሰሌዳ የግራው ጥግ በቢላ ተፍቋል።

ታክሲውን ነዳጅ ማደያ አስቆመችና ፓወር ባንኩን አትክልት በጫነ ፒክአፕ ላይ፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ ሥር ወሸቀችው። ከዚያ ከላቀው በላይ ላለው የክፍሉ አለቃ ደወለች።

«ከሃዲው ላቀው ነው። ካሳነሽን ከተደበቀችበት አሁኑኑ አንሷት።»

«ማስረጃ?»

«ትእዛዙ ሁሉ በሠሪው ስልክ ላይ አለ።»

«ሠሪው ማነው?»

ፒክአፑ ከማደያው ሲወጣ በዐይኗ ሸኘችው። ስሙን ካልተናገረች ላቀው ነገ ነጻ ነው።

«ያሬድ። የማዳም ሾፌር። እሱ አያውቅም።»

«እሱን ፍርድ ቤት ይለየዋል።»

አሥር ሰዓት ላይ ላቀው መከታተያውን ተከትሎ ከሁለት ሰዎች ጋር ፒክአፑ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ሲያገላብጥ ተያዘ። ካሳነሽ ሌላ ቤት ገብታለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፖሊሶች ወደ ማዳም ግቢ መጡ። ማሽኑ እየሠራ ነበር። ያሬድ ቢላውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም፤ የሚደበቅ ነገር እንዳለ አያውቅማ። ካቴና ሲያስገቡለት በር ላይ የቆመችውን ጥሩወርቅን አያት።

«ጥሩዬ፣ ማሽኑን አጥፊልኝ። መቁረጫው ይሰበራል።»

ገብታ አጠፋችው።

ማዳም ስለ ሾፌሩ የምታውቀው ነገር ካለ ጠየቀቻት። ጥሩወርቅም ሰላም ከመባባል በቀር እንደማታውቀው ነገረቻትና የቀሩትን ሸሚዞች ልትተኩስ ገባች።