የሰጠመው ጣውላ

ሰውዬው የወደቀው በጀርባው ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ክፍል ማራገፊያ መድረክ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ዓይኑን እንደገለጠ ተዘርግቷል። ከበላዩ፣ መድረኩ ጫፍ ላይ፣ መደገፊያው የተሰበረ አንድ አግዳሚ ወንበር ቆሟል። የመደገፊያው የፕላስቲክ ጣውላ አንዱ ስባሪ ደረቱ ላይ፣ ሌላው እግሩ ሥር አርፏል። ዝንቦቹ ከፖሊስ ቀድመው ደርሰዋል።

«ከቆሻሻ የተሠራ ወንበር ይኸው ሰው ገደለ» አለ የሟቹ ምክትል፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ። «ስንት ጊዜ ተናገርኩ! የሚሰማኝ አጣሁ እንጂ።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችውና ወደ አስከሬኑ ተመለሰች። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስትገባ አትታወቅም፣ ስትወጣ ግን ደም አለ እያሉ።

ሟቹ የማዘጋጃ ቤቱ የግዢ ኃላፊ ነበር። ግዙፍ ስለነበረ ከተማው ሁሉ «ጋራው» ይለዋል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ መመሪያ ጽፎ፣ ተሟግቶ፣ ተሰድቦበት አጸደቀ፦ ማዘጋጃ ቤቱ የሚገዛው አግዳሚ ወንበር፣ የቆሻሻ ገንዳና የቦይ ክዳን ቢያንስ ግማሹ ከከተማዋ ከተለቀመ ፕላስቲክ የተሠራ ይሁን የሚል። ቆሻሻ ክምር ላይ ይውሉ የነበሩ አርባ ሁለት ሴቶች በዚያ መመሪያ ማኅበር ሆኑ። ለፋብሪካው ፕላስቲክ ያቀርባሉ፤ ፋብሪካው ለከተማው ወንበር ያቀርባል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ደግሞ የጋራው ታላቅ እህት ናቸው፤ ሰው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል።

ጋራው አንድ ልማድ ነበረው። አዲስ ዕቃ ሲመጣ እያንዳንዱ ወንበር ላይ ራሱ ይቀመጥና በሙሉ ክብደቱ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ይለጠጣል። «እኔ ካልሰበርኩት ሕዝቡም አይሰብረውም» ይላል። ሠራተኞቹ ለሰውዬው ሳይሆን ለወንበሩ ያዝኑ ነበር። ትናንት ከሰዓት ሃያ ወንበር ገባ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብቻውን ሊፈትን መጣ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሬሳውን አገኙት።

የመርማሪዋ ስልክ ጮኸ። ከንቲባው ነበሩ።

«እስከ ማታ መልስ እፈልጋለሁ። ወንበሩ ገድሎት ከሆነ መመሪያውን ዛሬውኑ አግዳለሁ። ሕዝብ በሞት ወንበር ላይ አላስቀምጥም።»

«አርባ ሁለት ሴቶች አሉበት ክቡር ከንቲባ።»

«ለዚህ እኮ ነው ለአንቺ የሰጠሁት።»

ንብረት ጠባቂው ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ከንፈሩ የደረቀ ልጅ ነው። መርማሪዋ መድረኩ ላይ ተንበርክካ አቧራውን እያየች ጠየቀችው።

«ትናንት ወንበሮቹን የት አስቀመጣችኋቸው?»

«ግድግዳውን አስጠግተን ነዋ። ሃያውንም።»

«ታዲያ ይሄ ጫፍ ላይ ምን ይሠራል? ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ?»

«እኔ... ልብ አላልኩትም ኢንስፔክተር።»

አቧራው ላይ የወንበሩ እግር ያሰመረው መንገድ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ወንበሩ አንዴ በአንድ ጫፉ፣ አንዴ በሌላው እየተሳበ ነው የመጣው። ሁለት ሰው ቢሆን ተሸክሞት ይሄድ ነበር።

«ጠዋት በሩን ከፍተህ የት ሄድክ?»

«ሻይ ልጠጣ። አንድ ሰዓት ላይ ከፈትኩ፣ ጋሼ ኃላፊው ሲጣሩ እመለሳለሁ ብዬ...»

«አልተጣራም። በመሃል ማን ገባ?»

«ምክትሉ ገብተው ነበር፣ ደብዳቤ ይዘው። የፋብሪካው ባለቤትም ለርክክብ መጡ። ሌላ ማንም የለም።» ትንሽ አሰበ። «እትዬ እንግዲህ በየቀኑ ናቸው፤ የቢሮውን ውዳቂ ይወስዳሉ። እሳቸው አይቆጠሩም።»

«ለምን አይቆጠሩም?»



የፋብሪካው ባለቤት ስባሪውን ጣውላ ሲያይ ላብ በላብ ሆነ።

«እህቴ፣ ይሄ የእኔ አይደለም! በልጆቼ እምላለሁ!»

«ወንበሩስ?»

«ወንበሩ የእኔ ነው። ጣውላው ነው ያልሆነው። ስቲከሩ የታለ? መመሪያው እያንዳንዱ ጣውላ ላይ ‹ዳግም የተመረተ› የሚል ስቲከር ለጥፉ ይላል። እስቲ አሳዪኝ፣ የታለ?»

መርማሪዋ ባልዲ ሙሉ ውሃ አስመጣች። ከአንዱ ደህና ወንበር ሥር ቁራጭ በቢላ ፍቃ ጣለችበት፤ ተንሳፈፈ። ከተሰበረው ጣውላ ቁራጭ ጣለች፤ እንደ ጠጠር ወረደ።

ባለቤቱ ባልዲው ላይ አፍጥጦ ቀረ።

«አሸዋ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ከወር በፊት የተበላሸብን ነው። ለቃሚዎቹ ጆንያው ሚዛን እንዲደፋ አሸዋ ይጨምሩበታል፤ እኛ ሳናውቅ አቀለጥነው። የወጣው ጣውላ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ፋብሪካው ጀርባ ጣልነው።»

«እዚያ ማን ይደርሳል?»

«ማንም ሰው ይገባል። አጥር የለውም።»

«ጋራው ያውቅ ነበር?»

«ራሴ ነኝ የነገርኩት። ርክክቡ ለምን ዘገየ ብሎ ሲያፋጥጠኝ ምን ልበል? ጆንያውን ከፍቶ አሸዋውን በእጁ ዘገነ። ከዚያ ዝም። ምነው በጮኸብኝ ብዬ ነበር።»

ምክትሉ ደግሞ ምንም የሚደብቅ አይመስልም። የሟቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«እወደው ነበር ብዬ አልዋሽዎትም። ቢሮውን እፈልገዋለሁ። ከውጭ አዲስ ዕቃ ማምጣት እየቻልን ቆሻሻ መልሰን የምንገዛበት ምክንያት አይገባኝም። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ተቃውሜያለሁ።»

«ጠዋት መጋዘን የገቡት ለምንድን ነው?»

«ደብዳቤ ላስፈርመው። አልመጣም ነበር፣ ተመለስኩ።»

«የምን ደብዳቤ?»

ምክትሉ ሳቀ። «የራሱን! የለቃሚዎቹን ማኅበር ለሦስት ዓመት ከአቅራቢነት የሚሰርዝ። አሸዋ ቀላቅለዋል ብሎ። መመሪያው ላይ የቅጣት አንቀጽ ያስገባው ራሱ ነው፤ የጀመረው ደግሞ በገዛ እህቱ። እኔ ጨካኝ እባላለሁ፣ እሱ ግን ጻድቅ።»

እትዬ በሩ አጠገብ ካለው የውዳቂ ጥግ፣ ከአራት ጆንያዎችና ከአንድ የብረት መልቀሚያ ጣሳ መሃል መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። አያለቅሱም። መርማሪዋ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ የያዘችውን የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሰጠቻቸው።

«ይጠጡ እትዬ። ከንፈርዎ ደርቋል።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ።» ጨልጠው ጠጡት። «እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቱ ነበር። አዝዬው ነው ክምሩ ላይ የወጣሁት። ሽታው ያስለቅሰው ነበር። ኋላ ለመደ። እኔ ስለቅም እሱ በጣቱ ይቆጥራል። ቁጥር የተማረው በክዳን ነው።»

እያወሩ እጃቸው አልተቀመጠም። የጠርሙሱን ክዳን ለብቻው ሽርጣቸው ኪስ ከተቱ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር የላስቲኩን ጽሑፍ ላጡ። ጠርሙሱን ጨፍልቀው ሳያዩት አንዱ ጆንያ ውስጥ ጣሉት። መርማሪዋ እጃቸውን ስታይ ቆየች።

«ማኅበሩን ሊሰርዘው እንደነበር ያውቃሉ?»

«ነግሮኛል። ትናንት ምሳ ላይ። ‹እትዬ፣ ካንቺ ካልጀመርኩ ማን ያምነኛል?› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ምሳህን ብላ አልኩት።»

መርማሪዋ ተነስታ ፖሊሶቹን ጠራች። ከወንበሩ የተነቀለው ደህናው ጣውላ የሆነ ቦታ መኖር አለበት። ጣሪያ ላይ ወጡ፣ ቦይ ውስጥ ወረዱ፣ የቆሻሻ ጉድጓዱን ገለበጡ፤ የለም። «ይዞት ሄዷል» አሉ። እሷ ግን ለቀብሩ ነገር ያናግሩዎታል ብላ እትዬን ወደ ቢሮ ካሰናበተቻቸው በኋላ አራቱን ጆንያዎች አንድ በአንድ በእጇ ፈተሸች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም መጋዘን ሰበሰበቻቸው። ከንቲባውም መጡ።

«ተቀመጡ» አለች፣ የቀሩትን ወንበሮች እያሳየች።

ምክትሉ ቆሞ ቀረ። ንብረት ጠባቂው ግድግዳ ተደገፈ። ባለቤቱ እንኳ የገዛ ወንበሩን ፈርቶ ጫፉ ላይ ለይስሙላ አረፈ። እትዬ ብቻ ተቀምጠው ጀርባቸውን ሙሉ በሙሉ ጣሉ።

«ወንበሩ አልገደለውም» አለች መርማሪዋ። «መደገፊያው ተቀይሯል። የሌሎቹ ጣውላ ይንሳፈፋል፣ ይሄኛው ይሰጥማል፤ ከወር በፊት የተጣለው አሸዋማ ጣውላ ነው። ጋራው ሦስቴ እንደሚለጠጥ የሚያውቅ ሰው ብሎኑን ፈትቶ ይሄን አሰረበት፤ ከዚያ ወንበሩን ብቻውን እየጎተተ ጫፍ ላይ አቆመው። ጋራው ተቀመጠ፣ ተለጠጠ። አንዴ በቃው።»

«እኔን ነው የምትይኝ?» አለ ባለቤቱ።

«እርስዎ አይደሉም። ወንበሩ ሰው ፊት ሲሰበር መጀመሪያ የሚከስሩት እርስዎ ነዎት። ንብረት ጠባቂውም አይደለም፤ አጠገቡ ጋሪ አለው፣ ወንበር እንደ በግ አይጎትትም።»

ሁሉም ወደ ምክትሉ ዞሩ። ምክትሉ ፊቱ ነጣ።

«ምክትሉ ቢሆኑ ደስ ይለኝ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ጥላቻም ጥቅምም አላቸው። ግን የተነቀለውን ጣውላ አገኘሁት። ጆንያ ውስጥ እንዲገባ ሦስት ቦታ ተቆርጦ፣ ከደረቅ ፕላስቲኩ ጋር ነበር። ስቲከሩ በጥፍር ተልጧል። ውስጡ የተቀበሩት የብሎን ማቀፊያ ብረቶች ወጥተው የብረት መልቀሚያ ጣሳው ውስጥ ገብተዋል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉት ነበር? ትወረውሩት ነበር። አንድ ሰው ግን አልቻለም። ወንድሙን ሊገድል መጥቶ እንኳ ደህና ፕላስቲክ ከብረት ጋር ደባልቆ መጣል እጁ እምቢ አለው።»

እትዬ ሽርጣቸውን አስተካከሉ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ነው» አሉ። «እጄን ጠይቄው አላውቅም።»

«መጥፎውን ጣውላ በትከሻዎ፣ በጆንያ ጠቅልለው ነው ያስገቡት። ማንም አላየዎትም፤ አይቆጠሩም ብሎኛል ይሄ ልጅ።»

«እውነቱን ነው።»

ከንቲባው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ... እንዲሰበር ብቻ ነው ያሰቡት አይደል? እንዲሞት ብለው አይደለም።»

መርማሪዋ እትዬን ልትረዳቸው ትችል ነበር፤ አልረዳቻቸውም።

«መሰበሩ ብቻ ቢፈለግ ግድግዳው ጋ ይሰበር ነበር» አለች። «ጫፍ ድረስ ጎትተውታል።»

«ጎትቼዋለሁ» አሉ እትዬ። «አሸዋውንም ጨምሩ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ክረምት ነበር፤ ፕላስቲክ አልነበረም፤ ልጆቻቸው ይራባሉ። ነገርኩት። ‹አንቀጹ ላይ ክረምት የሚል የለም› አለኝ። በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ! እሱ ከሞተ ደብዳቤው አይፈረምም፣ ፋብሪካው ይከሰሳል፣ ሌላ ፋብሪካ ይመጣል ብዬ ነው። ለቃሚ ግን ያው እኛ ነን አልኩ።»

«መመሪያው ራሱ እንደሚታገድስ አላሰቡም?» አለች መርማሪዋ።

እትዬ ቀና አሉ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ፍርሃት ፊታቸው ላይ የታየው።

«ለምን ይታገዳል? ወንበሩ ደህና ነው አልሽ አይደል አሁን?»

«ወንበሩ ደህና ነው» አለ ምክትሉ። ቀለሙ ተመልሶለታል። «ማኅበሩ ነው ያልሆነው። አቅራቢው አሸዋ ቀላቅሎ፣ ሰብሳቢዋ ነፍስ አጥፍታ፣ ከተማው እንዴት ይቀጥላል ክቡር ከንቲባ?»

ከንቲባው መሬት መሬት አዩ። «እስኪጣራ... እንግዲህ እስኪጣራ መመሪያው ይታገድ» አሉ።

«የሟቹም ደብዳቤ አለ። ተጠባባቂ ኃላፊው አሁን እኔ ነኝ።» ምክትሉ ወረቀቱን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ አንዱ ወንበር መደገፊያ ላይ ዘረጋና ፈረመ። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

እትዬ መርማሪዋን ትኩር ብለው አዩአት። «አንቺ ልጅ፣ ዝም ብትይ ምን ነበረበት? ወንበሩ ተቀይሯል ብለሽ፣ ማን ቀየረው አላወቅኩም ብትይ?»

«የፋብሪካው ሰውዬ ይታሰር ነበር።»

«ይታሰራ!»

መርማሪዋ እጃቸውን እንዲያስሩ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች።

ውጭ፣ በሩ ላይ፣ አርባ አንድ ሴቶች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። የሰሙት የጋራውን መሞት ብቻ ነው። ሊያጽናኑ መጡ። እትዬ በሁለት ፖሊሶች መሃል፣ በታሰሩ እጆቻቸው ላይ ነጠላ ተጥሎባቸው ብቅ ሲሉ ለቅሶው እንደ ጎርፍ ፈነዳ። ሴቶቹ ፖሊሶቹን ገፍተው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ።

«አይዞሽ እትዬ! እኛ አለንልሽ! ወንድምሽ ነው ሰው ያደረገን!»

እትዬ ያቀፏቸውን መልሰው ማቀፍ አልቻሉም። ሴቶቹ ሐዘን መሰላቸው።

«ሥራ የለም» አሉ እትዬ።

«ዛሬማ የለም» አለች አንዷ፣ እንባዋን በእጇ እየጠረገች። «በእንዲህ ያለ ቀን ማን ይሠራል? ነገ ስንት ሰዓት እንግባ?»

መርማሪዋ የመኪናውን በር ከፍታ ቆማ ነበር። እትዬ ሴትዮዋን አዩ፣ ከኋላዋ የቆሙትን አንድ በአንድ አዩ፤ ከዚያ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ገቡ። መኪናው ሲነሳ ሴትዮዋ ከመስኮቱ ጎን እየሮጠች ጥያቄዋን ደገመችው።