የሰርቪሱ በር

ኦቦ ሌንጂሳ ዕቃ ሲሰበርባቸው የሚጮኹ አከራይ አይደሉም። አይተው፣ ዳስሰው ዝም ይላሉ። ተከራዩ ቀን የጎደለበት ዕለት ነገሩን ያወጡበታል። አምቦ ውስጥ የእሳቸውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ በሰላም የለቀቀ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም።

የጊንጪው መምህር ኤቢሳ ግን እዚያ ግቢ ፍቅር አገኘ፤ የአከራዩን ልጅ ቢፍቱን። መጀመሪያ ቧንቧው አጠገብ ሰላምታ ብቻ ነበር። በኋላ ባልዲዋ ሞልቶ ሲፈስ ሁለቱም አያዩትም ነበር።

ሐምሌ ላይ አባቷ ገበያ በወጡበት አንድ ከሰዓት ክፍሉ ገባች። ወጋቸው ሳያልቅ የአባቷ ድምፅ ከግቢው በር ተሰማ። ኤቢሳ ከውስጥ የቆለፈውን በር ሊከፍት ቁልፉን ቢያዞረው አልዞር አለ። በሩን በእርግጫ ብሎ ከነመቃኑ ገነጠለውና በጓሮ አስወጣት።

«ምን አልካቸው?» አለችው በማግሥቱ።

«ቁልፍ ጠፍቶብኝ ሰበርኩት አልኳቸው።»

«አመኑህ?»

«ዝም አሉ።»

የአባቷን ዝምታ ታውቀዋለችና ፈራች።

መስቀል እንዳለፈ ኤቢሳ ሽማግሌ ላከ። ሩቅ አልሄዱም፤ ከእሱ ክፍል ተነስተው ግቢውን አቋረጡ። ኦቦ ሌንጂሳ አስቀምጠው ሰሟቸው። ከዚያ «ሽማግሌ ከሆናችሁ መጀመሪያ ይሄን ፍረዱልኝ» ብለው ኤቢሳ ወደቆመበት ወደ ተሰበረው በር ወሰዷቸው።

«ቁልፍ ጠፍቶብኝ ነው ብሎኛል። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ከውጭ ይሰብራል። ይሄ ከውስጥ ነው የተሰበረው። ምን አሳደደህ፣ መምህር? ከማን ጋር ነበርክ?»

ቢፍቱ ከሳሎኑ ደጃፍ ሆና ሰማች። አንዲት ቃል ከወጣች ስሟ ጊንጪ ድረስ የሰው መጫወቻ ይሆናል።

«ብቻዬን ነበርኩ» አለ ኤቢሳ። «ሰክሬ ነበር።»

መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ዋናው ሽማግሌ ኦቦ አያና አንገታቸውን ደፉ፤ «ጨዋ ነው፣ አይጠጣም» ብለው የመሰከሩት አሁን ነበር።

ለኦቦ ሌንጂሳ ይህም አልበቃቸውም። «ቢፍቱ! ነይማ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ያን ቀን ቤት ነበርሽ። ሰክሮ ነበር?»

ኤቢሳን አየችው። በዓይኑ «አዎ በይ» አላት።

«አዎ» አለች። «ሰክሮ ነበር።»

«እንግዲህ በሩን ምሬዋለሁ» አሉ አባቷ፣ በደግ ሰው ድምፅ። «ልጄን ግን ለሰካራም አልድርም። ክፍሉንም ዛሬውኑ ይልቀቅልኝ።»

ኤቢሳ ፍራሹን ጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ሲጭን ቢፍቱ ከመስኮቱ ቆማ ታየው ነበር። ዞሮ አያት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን ፈገግ አለላት።

አባቷ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ።

«የጫማሽን ዱካ ጓሮው ጭቃ ላይ ያን ዕለት አይቼዋለሁ» አሏት ቀስ ብለው። «ዛሬ በሽማግሌ ፊት እውነቱን ብትናገሪ ኖሮ ለእሱ እድርሽ ነበር።»

የልባቸውን ይሁን ሊያቃጥሏት፣ ቢፍቱ እስከ ዛሬ አታውቅም። የምታውቀው ባጃጁ ያኔ ገና ከግቢው እንዳልወጣ ነው። ብትጮህ ኤቢሳ ይሰማት ነበር። አልጮኸችም።