«ጠብቅ» የሚለው ክብ

የአምሐ ሮቦት መጀመሪያ የገጨችው ሰው ሄቨን ነበረች። እሱና ባልደረቦቹ ቤቴል ሰፈር ባለች ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ በክሊኒክ መድኃኒት የምታመላልስ ሮቦት ይሠራሉ፤ ሄቨን ሥራ የጀመረችው በዚያው ጠዋት ነው።

«ውይ፣ እግሬን!»

«ይቅርታ! በጣም ይቅርታ...»

«ስትጋጭ ምን እንድታደርግ ነው የነገርካት?»

«ቆማ መንገዱ እስኪለቀቅላት እንድትጠብቅ።»

«ባይለቀቅላትስ?»

ሄቨን ቁርጭምጭሚቷን እያሸች ሳቀች፤ አምሐም እዚያው በፍቅሯ አለቀለት።

ኮድ ከመጻፋቸው በፊት ሰሌዳ ላይ ክቦች ይሥላሉ፤ አንዱ «ሂጂ»፣ አንዱ «ዙሪ»፣ አንዱ «ጠብቂ»። ሮቦቷ ሁልጊዜ አንዱ ክብ ውስጥ ናት። ወደ ሌላው የምትሻገረው ቀስት ካለ ብቻ ነው። ሄቨን ከመጠበቂያው ክብ የሚያወጣ ሌላ ቀስት ይጨመር ብላ ስንት ቀን ተከራከረች!

«ሠላሳ ሰከንድ ጠብቃ ካልሆነላት ሌላ መንገድ ትፈልግ።»

«ብትታገሥ ምን ትጎዳለች? መንገዱ እንደሆነ መለቀቁ አይቀርም» ይላል አምሐ።

እንዲህ ሲሉ ዓመት አለፈ። የእሱ ሰፈር በተቃራኒው ቀራንዮ ሆኖ ሳለ፣ ከሥራ ሲወጡ እሷን ለመሸኘት ሰፈሯ ዓለም ባንክ ድረስ ይሳፈራል። እወድሻለሁ ለማለት ግን ደመወዙ እስኪጨመር፣ ደህና ቤት እስኪከራይ ይጠብቃል።

አንድ ቀን ፌርማታው ላይ ቆመው ሳለ ሄቨን በድንገት አንድ ወሬ አነሣች።

«እሁድ ቤታችን ሽማግሌ መጥቶ ነበር።»

«ለ... አንቺ?»

«ለእኔ ነዋ! አባዬ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል።» ዓይን ዓይኑን አየችው። «ምን ትላለህ?»

እንደ ልማዱ ሽማግሌ በመጣበት ቀን እሺ አይባልም፤ ቤተሰብ ይምከርበት ተብሎ ይቀጠራል። በሩ ገና አልተዘጋም ነበር። አምሐ ግን፣ ባይፈልጓቸው ያኔውኑ ይመልሷቸው ነበር ብሎ ደመደመ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት።

«ይኸው ነው?»

«ሌላ ምን ልበል?»

ፊቷን አዙራ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። የዚያን ቀን አልሸኛትም።

ሁለቱን ሳምንት «ከፈለገችኝ ራሷ ትናገራለች» እያለ ጠበቀ። እሷም ጠበቀች። ቀጠሮው ሲደርስ ሽማግሌዎቹ እሺታ ተቀብለው ሄዱ።

ልታገባ ነውና ሥራ ልትለቅ ዕቃዋን ስትሰበስብ አጠገቡ መጣች።

«አምሐ፣ አባዬ አንድ ሳምንት ሊላቸው ነበር። ለምኜ ሁለት ያስባልኩት እኔ ነኝ። ላንተ ብዬ!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ትላለህ ብዬ ጠየቅኩህ እኮ...»

«አሁንስ? አሁን ብናገርስ?»

«አሁንማ ቃል ሰጠሁ። ሰውየውም ደግ ሰው ነው፣ አላሳፍረውም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ደህና ሁን፣ እሺ?»

በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ አምሐ ብዕሩን አነሣና ያንን ቀስት ሣለው። ኮዱን አስተካክሎ ሮቦቷ ፊት ወንበር አቆመባት። ቆመች፤ ጠበቀች። ሠላሳ ሰከንድ ሲሞላ ወንበሩን ዞራ ሄደች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ አምሐ ያን ጊዜ «እወድሻለሁ» አለ፤ ጮክ ብሎ። ወርክሾፑ ውስጥ ከሮቦቷ በቀር ማንም አልነበረም።