ከላሜራው ወዲያ

እሑድ ረፋዱ ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ከደሴ ቤቶች ቆርቆሮ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ፣ ዘለቀ አምባዬ የሥራ ቱታውን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ታላቅ ወንድሙ ወደ ተፈራ ግቢ መውጣት ልማዱ ነው። ከቤቱ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ የአባታቸው ኮሮላ ቆማለች፤ ክብ ክብ መብራት ያላት፣ አፍንጫዋ አጠር ያለ፣ በዘመኗ በእንቁላል አስኳል ቀለሟ ከተማውን ያስቀናች የጃፓን መኪና። ተፈራ እንደ አባቱ ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ የመኪና ገላ ቀጥቅጦ መልኩን የሚመልስ። የሰውን መኪና ሲቀጠቅጥ ይውልና ቤቱ ሲገባ እሷን በደረቅ ጨርቅ ያሻሻታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሯን አስነስቶ አጠገቧ ቆሞ ያዳምጣታል። ጎረቤቱ «ተፈራ ሚስቱን አንቺ እያለ መኪናዋን እርስዎ ሊል ምንም አልቀረው» ብሎ ያማዋል፤ ሐሜቱም ከእውነቱ እምብዛም አይርቅም።

ዘንድሮ ግን ሥራው ከማሻሸት አልፏል። የዘለቀ ልጅ ትርሲት ከፋሲካ በኋላ ትዳራለችና፣ ተፈራ ሽማግሌዎቹ ገና ከደጃፍ ሳይርቁ «ልጄን የምትወስዳት የአባቴ መኪና ናት» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ዘለቀ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከተፈራ ሌላ አባት አያውቅማ። አምባዬ ቤቱን ጥሎ ሲጠፋ ዘለቀ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ነበር፤ «አሰብ ወረደ፤ ሴት ይዞ ሄደ» ብሎ የነገራቸው ተፈራ ነው፤ ያኔ ጺሙ ገና ያቀመቀመ ጎረምሳ። እናታቸው ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ከዚያ ወዲያ ትንሹን አዝሎ፣ አጉርሶ፣ ደብተርና ጫማ ገዝቶ ለቁም ነገር ያበቃው ወንድሙ ነው። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይለው ነበር አባታቸው በተነሳ ቁጥር፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ራሱን እየዳበሰ። ዘለቀም ይህን እየሰማ አደገ፤ መሥሪያ ቤት ገብቶ የአባት ስም ሲጠየቅ እንደ ሬት እየመረረው የሚናገር ሰው ሆነ። ጸሎት ባደረሰ ጊዜ እንኳ አባቱን የሚያነሳው ለእርግማን ብቻ ነበር።

የሥራ ክፍፍሉ ቀላል ነበር። ፊቱ፣ በሮቹና ጣሪያው የዘለቀ፤ ከኋላ መቀመጫው ወዲያ ያለው ሁሉ የተፈራ። «የኋላውን ለእኔ ተወው፤ አመሉን የማውቀው እኔ ነኝ» ብሎታል። ዘለቀ የማዘጋጃ ቤት ሾፌር ነው፤ መዶሻ አያያዝ የተማረው ከወንድሙ ስለሆነ አልተከራከረም። አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ፣ ከሌላ ኮሮላ የተነቀለ የበር እጀታ ሲገጥም፣ በቲነርና በቤንዚን ሽታ መሀል ተቀምጦ የተሰነጠቀ መሪ ሲያክም ደስ ይለው ነበር። ወንድማማቾቹ እምብዛም አያወሩም። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ካቻቪቴ ያቀብላል፤ ፀጥታቸውም የተዋደዱ ሰዎች ፀጥታ ነበር።

አንድ ነገር ግን ዘለቀን ቅር ይለው ጀመር። መኪናዋ አዲስ ባሌስትራ ገብቶላት ከኋላ ዝቅ ማለቷን አልተወችም። ባዶዋን ቆማ ሰው የተጫነባት ትመስላለች። በክሪክ አንስቶ መልሶ ሲያወርዳት ብረቱ አንዴ ሲጥ ይልና፣ ዘግየት ብሎ፣ በውስጧ ያለ አንድ ነገር ተደላድሎ እንደሚተኛ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ይከተላል። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታሞቀው ደግሞ ሽታ ይመጣል። የበሰበሰ ነገር ሽታ አይደለም። የረጠበ የሱፍ ካፖርት፣ በካፖርቱ ኪስ ውስጥ የተረሳ ትምባሆ፣ ከሥሩ የሰው ላብ። ዘለቀ መጀመሪያ የሸተተው ጊዜ እጁ ላይ የነበረውን ጨርቅ ጣለና፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ላሜራ ማውጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከውጭ በእንጨት መዶሻ ሲመታ ሌላው ከውስጥ ከባድ ብረት ይደግፋል፤ የሚደግፍ ከሌለ ላሜራው ይላላል እንጂ አይወጣም። በአንዱ እሑድ ተፈራ «መጣሁ» ብሎ ወጣ አለ። ዘለቀ ወንድሙን ሊያስደስት ብሎ ከግራ የኋላ ጎማ በላይ የነበረውን አሮጌ ጎድጓዳ በመዶሻው ቀስ ብሎ መነካካት ያዘ። ትንሽ እንደመታ ድምፁ ተለወጠ። ባዶ ላሜራ ይንቀጫቀጫል፤ የተደገፈ ላሜራ ግን ደረቅና ሙሉ ድምፅ ይሰጣል፤ ከመዶሻው እጀታ እስከ ክርን ይታወቃል። ጋሼ ተመልሶ በወዲያኛው በር ገብቶልኝ ነው ብሎ አሰበና ደስ አለው።

«ትንሽ ወደ ግራ፣ ጋሼ።»

ብረቱ ወደ ግራ ሄደ።

«እዚያው ላይ። አዎ፣ ያዝልኝ።»

ያዘለት። ጎድጓዳው ከመዶሻው ሥር እየሞላ፣ እየተስተካከለ መጣ፤ ዘለቀ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ላሜራ አውጥቶ አያውቅም። «እጅህ ይባረክ!» እያለ እየሳቀ ሳለ የግቢው በር ሲጢጥ አለ፤ ተፈራ ትኩስ ዳቦ በፌስታል ይዞ ገባ።

ዘለቀ መዶሻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ሄዶ የኋላውን ኮፈን ከፈተ። ማንም የለም። መደገፊያው ብረት የዕቃ መጫኛው ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል። ሲነካው ይሞቃል፤ ሰው በመዳፉ ይዞት እንደቆየ።

«ጋሼ፣ አሁን ከውስጥ ማን ነበር የደገፈልኝ?»

«የት?» አለ ተፈራ። ዓይኑ ግን ቀድሞ እዚያ ደርሷል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ቀርቦ በመዳፉ የተስተካከለውን ቦታ ዳበሰው። ባትላሜራ የሰውን እጅ በሥራው ያውቃል፤ አመታቱን፣ አጨራረሱን፣ ዳር ላይ የሚተዋትን ትንሽ ሽክርክሪት። የተፈራ ጣት እዚያች ሽክርክሪት ላይ ቆመ።

«ይሄ እኮ የአባባ አወጣጥ ነው» አለ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። «የኋላውን አትንካ አላልኩህም?»

ዳቦውን ሳይበሉ ተለያዩ። ሳምንቱን ሙሉ ዘለቀ መንገድ ላይ የሌላ ሰው መኪና ክላክስ ሲያደርግበት እየነቃ ሲነዳ ሰነበተ። በልጅነቱ ለመጠየቅ ያልደፈረው ነገር አሁን ከጉሮሮው አልወርድ አለ። አምባዬ ለሁለት ቤት ለማይርቅ ጉዳይ እንኳ በእግሩ አይሄድም ነበር እየተባለ ሲወራ ሰምቷል፤ ከኮሮላዋ ወርዶ አያውቅም ነበር አሉ። ታዲያ ያን የሚያህል የአፋር በረሃ አቋርጦ አሰብ ሲወርድ፣ ያውም ሴት ይዞ፣ መኪናውን ለማን ብሎ ተዋት?

በተከታዩ እሑድ ተፈራ ደንበኛ ሊሸኝ ወደ በር ሲወጣ፣ ዘለቀ የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገለጠ። መለዋወጫ ጎማ የሚቀመጥበት ጉድጓድ የለም። በላዩ ላሜራ ተለብጦበታል፤ ዳር ዳሩ ተበይዶ፣ በሬንጅ ተለስኖ። ብየዳው የተፈራ ነው፤ ግን የዛሬው ተፈራ አይደለም፤ ጠማማ፣ ያበጠ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ የጀማሪ ልጅ ብየዳ። ዘለቀ በጣቱ አጥንት መታ መታ አደረገው። ሙሉ ድምፅ ሰጠ። ጆሮውን አስጠጋ፤ የሱፉ ሽታ ከሬንጁ ሥር ወጥቶ ፊቱን ሸፈነው። ከታች፣ በቀስታ፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ልጅ እንዳይነቃ እንደሚፈራ ሰው፣ አንድ ጣት መልሶ መታ።

ተፈራ ሲመለስ ዘለቀን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አገኘው።

«ጋሼ፣ ይሄን የለበጥከውን እንቁረጠው።»

«ዝገት ነው። ዝገት በልቶት ነው የለበጥኩት።»

«ዝገት ከሆነ ይውጣ። ልጄን ያላየሁት ነገር ላይ አላስቀምጣትም።»

«አትቆረጥም!» አለ ተፈራ። በዘለቀ ዕድሜ ያልተሰማ ጩኸት ነበር፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ራሱ ነዘረ። ከዚያ ተፈራ ወደ መኪናዋ ዞሮ፣ ያስደነገጣት ይመስል፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገ።

ዘለቀ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱም አልተናገረም። ምን ይበል? የራሱን ጆሮና ያሳደገውን ወንድሙን ሚዛን ላይ አስቀመጠ፤ ከሁለቱ አንዱን ማመን ነበረበት። ወንድሙን መረጠ። ያ በጀርባው ያዘለው፣ በእጁ ያጎረሰው ሰው፣ ሊዋሽ ቢችል ዓለም ላይ የቀረው እውነት ምንድን ነው? መምረጡ እፎይታ ሰጠው፤ ሳምንቱን ደህና እንቅልፍ ተኛ።

በሚቀጥለው እሑድ ተፈራ ከደጅ ተቀብሎ አቅፎ ሳመው። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ለክርስትና ኩታበር ሄዳለች፤ ግቢው ጭር ብሏል። ጉሙ ግን ከወትሮው ቀድሞ ተነስቶ ብሩህ ቀን ነበር።

«ልክ ነህ፣ ወንድምዓለም» አለው። «አስቤበት ነበር። እንቆርጠዋለን። መጀመሪያ ግን በብርሃን እንያት፤ ስንቆርጥ አንዴ እንድንቆርጥ።»

በብርሃን ማየት የአባታቸው ዘዴ ነው። ሰውነቱ ቀለል ያለው የዕቃ መጫኛው ውስጥ ይገባል፤ ኮፈኑ ይዘጋበታል። በጨለማው ውስጥ ላሜራው የተበሳበት ቦታ ሁሉ ብርሃን ያስገባል፤ የውስጡ ሰው ብርሃን ባየበት አጠገብ ያንኳኳል፣ የውጪው ሰው በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። የውስጡ ሲበቃው «ክፈት» ይላል፤ የውጪው ይከፍታል። ዘዴው በሙሉ የቆመው በዚህች አንዲት ቃል ላይ ነው።

ዘለቀ እግሩን አጥፎ በጎኑ ተጋደመ። ተፈራ ኮፈኑን በሁለት መዳፉ፣ ለተኛ ሕፃን ጋቢ እንደሚያለብስ ሰው፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው። ጨለማው ወዲያው ሞላ፤ ከጎኑ በታች የሬንጁ ቅዝቃዜ፣ አፍንጫው ላይ የሱፉ ሽታ፣ ጆሮው ላይ የራሱ ትንፋሽ። ዓይኑ ሲለምድ ብርሃኖቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ እዚህም እዚያም፣ እንደተበተነ ጤፍ። አጠገቡ ያለውን አንኳኳ። ከውጭ የእግር ኮቴ ቀረበ፤ አንድ ነገር ላሜራውን ፈተግ አደረገው፤ ብርሃኑ ጠፋ።

ሁለተኛውን አንኳኳ። ፈተግ። ጠፋ።

ጠመኔ ብርሃን አያጠፋም። ይህ ሐሳብ በዘለቀ ራስ ውስጥ በዝግታ፣ በመምጣቱ እንዳፈረ እንግዳ ገባ። ከዚያ የስቱኮው ሽታ መጣ፤ ለላሜራ መድፈኛ የሚቦካው፣ ዓይን የሚያቃጥለው፣ አሁን ተቦክቶ ለመድረቅ የቸኮለው።

«ጋሼ፣ ምልክት አድርግ እንጂ አትድፈነው።»

ፈተግ። ፈተግ። ሳያንኳኳም ይጠፉ ጀመር። የውጪው ሰው የብርሃኖቹን ቦታ ድሮ ያውቀዋል።

«ጋሼ፣ በቃኝ። ክፈት።»

ኮቴው ቆመ። በጀርባው የኋላውን መቀመጫ ገፋ፤ ላሜራ ነው፣ እሱም ተለብጧል። ጮኸ፤ ድምፁ እዚያው ፊቱ ላይ ተመለሰበት። በጉልበቱ፣ በክርኑ፣ በግንባሩ መታ፤ መኪናዋ በአዲሱ ባሌስትራዋ ላይ ለስለስ ብላ ተወዛወዘች እንጂ ሌላ አልሆነችም። ከቁልፉ አጠገብ አንዲት ቀዳዳ ቀርታለች። ዓይኑን ለጠፈባት። የተፈራን ጣት አየ፤ ጣቱ ላይ ግራጫ ስቱኮ፣ ከጣቱ ወዲያ የቀኑ ብርሃን።

«አባባ ሊሸጣት ነበር እኮ፣ ዘለቀ» አለ ተፈራ ከውጭ። ድምፁ ቁጣ የለውም፤ ስለ ዝናብ የሚያወራ ይመስላል። «ገዢው መጥቶ አይቷት ነበር። ስንት ለምኜዋለሁ። አንተን ግን አሳደግኩህ፤ አላሳደግኩህም? አንተም ልትቆርጣት ተነሳህ።»

ዘለቀ ዓይኑን ከቀዳዳዋ አላነሳም። የከፋው አየር ማጠሩ አልነበረም። የከፋው፣ ያ ጭን፣ ያ ራስ የሚዳብስ እጅ፣ ያ እናት አልባ ልጅ በእንባ የተቀበለው ጉርሻ ሁሉ፣ ከዚህ ላሜራ በላይ ተቀምጦ የተሰጠው መሆኑ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ያመነው ገዳይ፣ የረገመው ደግሞ ከቤቱ ያልወጣ። ትርሲትን አሰበ፤ ነገ ለእሷም አንድ አገር ይጠራላታል፤ ሴት ይዞ ሄደ ይባልላታል፤ የአባት ስም በተጠየቀች ቁጥር አፏ ይመርራል።

«አባባ» አለ፤ ይህ ቃል ከአፉ ከወጣ ዘመናት አልፈዋል። «አባባ፣ አላወቅኩም ነበር።»

የመጨረሻዋ ብርሃን ተደፈነች፤ በድፍኑ ጨለማ ውስጥ፣ ከሥሩ የነበረው ላሜራ ያለ ድምፅ ሲከፈት፣ የረጠበ የሱፍ ካፖርት የለበሰ ሰው ጎኑን ሰብሰብ አድርጎ ቦታ ለቀቀለት።