የወይኑ ዳኛ በሜይላንድ ሃይትስ

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ወርኃ ግንቦት በባተበት እሑድ፣ ካልጋሪ ከሦስተኛው የወረርሽኝ ማዕበል ገና አልወጣችም ነበር፤ ቤት ውስጥ መሰብሰብ በዐዋጅ ተከልክሎ፣ ደጅም ቢሆን ከአምስት ሰው በላይ አይፈቀድም ነበርና፣ የሜይላንድ ሃይትስ ሰፈሩ የወይን ማኅበር ካፖርቱን እንደለበሰ በእትዬ ቆንጅት ጓሮ ወንበር አራርቆ ተቀመጠ። ከአጥሩ ማዶ የዲርፉት አውራ ጎዳና መኪና ይጮኻል፤ በጥላው በኩል ያልቀለጠ በረዶ አለ።

ማኅበሩ ደንብ ነበረው። እያንዳንዱ አባል ከፈረንሳይ፣ ከጣሊያን ወይም ከስፔን የመጣ አንድ ጠርሙስ በካልሲ ሸፍኖ ያቀርባል፤ ስሙ ሳይታይ ይቀመሳል፤ ጣዕሙ ይነገራል፣ ዋጋው ይገመታል። አስቀድሞ የሚናገረው ግን በዕድሜ የሚበልጠው ነው፤ አምጪውም ሲጠየቅ «እንደተባለው ነው» ብሎ ጠርሙሱን ወደ ቦርሳው ይመልሳል፤ ካልሲ ማውለቅ ታላቅን መጠራጠር ነው ተብሎ ከቀረ ቆይቷልና።

ታላቁም ጋሼ ጉልላት ነበሩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በከተማው ትልቅ ሆቴል ወይን ሲቀዱ ኖረው፣ በኋላ በአረጋውያን መጦሪያ የተቀጠሩ የስልሳ አራት ዓመት ሰው። በማኅበሩ ስምንት ዓመት ውስጥ ፍርዳቸውን የሻረ የለም፤ «ዳኛው» ይሏቸው ነበር።

ዳኛው ግን ከጥር ወዲህ ምንም አይሸታቸውም። በመጦሪያው የገባው በሽታ እርሳቸውንም ጥሏቸው ነበር፤ ትኩሳቱና ሳሉ ሲለቃቸው ማሽተታቸውም አብሮ ሄደ። ለማን ይንገሩት? ያለ አፍንጫ ችሎት የሚቀመጥ የወይን ዳኛ ማን አይቶ ያውቃል? ከዚያች ማዕረግ ሌላ የሚመኩበት ነገር ስላልነበራቸው ዝም አሉ።

አራተኛው ጠርሙስ ተቀዳ። ጋሼ ጉልላት ብርጭቆውን አዘንብለው ቀለሙን አዩ፤ አሸተቱ፤ ምንም። ተጎነጩ፤ ጎምዘዝ ያለ ውሃ። ምላሳቸው ነው የሚዋሸው ወይስ ትዝታቸው? ጠርዙ እንዳረጀ ወይን የሸክላ መልክ መያዙን ብቻ አይተው በድፍረት ገቡበት።

«ይኼ የፈረንሳይ ቡርጎኝ ነው፤ ያረጀ። እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ከመቶ ሃያ ዶላር አያንስም።»

«እኔም እንጆሪውን አግኝቼዋለሁ ጋሼ!» አለ የአቢዴል ሰፈሩ ታክሲ ነጂ እንድርያስ። «በጣም ስሙዝ ነው፤ ለዋጋው ዎርዝ ነው።»

«አዎን፣ ኋላ ላይ ይመጣል» አሉ እትዬ ቆንጅት።

ተራው የናሆሚ ሆነ። ናሆሚ እዚያው ካልጋሪ የተወለደች የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ መቅመስን የተማረችው ከጋሼ ጉልላት ሲሆን በሰኔ ለሚሰጠው የወይን ባለሙያነት ፈተና ተመዝግባለች። ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«እኔ… ላይክ፣ እርጥብ ካርቶን ነው የሚሸተኝ። ቤዝመንት ውስጥ የቆየ። ግን ጋሼ እንጆሪ ካሉ…» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ሶሪ። ኤግዛሙን ካንስል ላደርገው ነው። ሲሪየስሊ፣ አፍንጫዬ አይሠራም።»

ጋሼ ጉልላት ደነገጡ። እርጥብ ካርቶን ወይኑን ያበላሸ ቡሽ ሽታ መሆኑን ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። እንግዲያው ልጅቱ ልክ ናት? ሁለት ሰዎች ግን እንጆሪ አለው ብለው መሰከሩ፤ ታዲያ ማንን ይመኑ? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ያን ዕለት ያወጣው ግን የልጅቱ ፊት ነበር።

«አታድርጊው ልጄ» አሉ። «የማይሠራው የእኔ ነው። ከጥር ወዲህ ያረረ ወጥ እንኳ አይሸተኝም። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት፤ ይቅር በሉኝ።»

እንድርያስ አንገቱን ደፋ። «እኔም ካርቶኑ ሸቶኝ ነበር ጋሼ። እርስዎ እንጆሪ ሲሉ ግን፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ…»

ጠርሙሱን ያመጡት እትዬ ቆንጅት ካልሲውን ገፈፉ፤ የሃያ ሁለት ዶላር የስፔን ሪዮኻ ነበር። «ስከፍተው ሸቶኛል» አሉ። «ታዲያ ምን ልበል? ታላቅ ከተናገረ በኋላ!»

ናሆሚ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች፤ እንድርያስና እትዬ ቆንጅትም ሳቁ። ጋሼ ጉልላት ግን ግራ እንደገባቸው ብርጭቆውን ይዘው ቀሩ።

«ከጥር ወዲህ ያለው ይሁን። ከዚያ በፊትስ?» አሉ። «ያን ሁሉ ዓመት ስትስማሙልኝ፣ ልክ ሆኜ ነው ወይስ ታላቅ ሆኜ?»

እንድርያስ እትዬ ቆንጅትን አየ፤ እትዬ ቆንጅትም አጥሩን።

የዚያ ዘመን መዛግብት የታመመውንና የሞተውን በየዕለቱ ቆጥረው አስቀምጠዋል። ናሆሚም በሰኔ ተፈትና አለፈች፤ ስሟ በምስክር ወረቀት ሰፍሯል። ማኅበሩ ታናሽ አስቀድሞ ይናገር የሚል ደንብ አወጣ፤ ከዓመት በኋላም ለጋሼ ጉልላት ሽታ በጥቂቱ ተመለሰላቸው። በእውነት ዳኛ ነበሩ ወይስ የተከበሩ ሽማግሌ ብቻ፤ ይህን ግን እርሳቸው ሳያውቁት፣ የሚያውቁትም ሳይነግሯቸው ቀረ።