ባትሄድ ኖሮ

ምንይችል በዩኒቨርሲቲ ሎጂክ ያስተምራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን በልቶ ሶፋው ላይ ጋደም ይልና፣ ሚስቱ ጥሩወርቅ ሳህኖቹን እስክታነሳ ጠብቆ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ይነግራታል፤ «አንቺ ባትለምኚላት ኖሮ፣ ሕሊና ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር።»

ልጃቸው ሕሊና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከጓደኞቿ ጋር ለሽርሽር የሄደችበት አውቶቡስ ገደል ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሱ አትሄድም ብሎ ነበር፤ ለምና ያስፈቀደችላት እናቷ ናት።

«ተወኝ በቃ» ትለዋለች ጥሩወርቅ።

«ሐሰት ነው በይኛ! ያልሆነ ነገርም እውነትና ሐሰት አለው። እሷ ካለመሄዷ በቀር ከዚህኛው የማይለይ ሌላ ዓለም አስቢ። እዚያ አለች።»

በዚያ ክረምት ከሕሊና ክፍል ድምፅ ይሰማ ጀመር። መጀመሪያ ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ የማይለይ፣ ኋላ ግን ዝናቡ ሲያባራም የማያቆም የነጠላ ጫማ ኮቴ፣ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት፤ ቀጥሎም በበሩ ሥር ሾልኮ የሚወጣ የፀጉር ቅባቷ ሽታ፣ ከእሱም ጋር የታፈነ ቤትና ያልተደፋ ፖፖ ሽታ። ምንይችል በሩን ከፈተው። የተነጠፈ አልጋ፣ አቧራ፣ ጨለማ። ሲዘጋው ኮቴው ቀጠለ።

አንድ ቅዳሜ ባልና ሚስት ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ።

«ሕሊናዬ!» አለ እሱ።

ኮቴው ቀጥ አለ።

«ከመስኮቱ ዞር ብያለሁ፣ አባዬ» አለች ሕሊና ከበሩ ወዲያ፣ በፈራ ድምፅ። «ወደ ውጭ አላየሁም።»

ከዚያ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ቁልፍ ተንቃጨለ፤ ቀበቶ ከሱሪ ሲመዘዝ ተሰማ፤ የራሱ የምንይችል ድምፅም፣ ልክ ተማሪ ፊት እንደቆመ ረጋ ብሎ፣ «በሕይወት ያለሽው እኮ ከዚህ ቤት ስላልወጣሽ ነው። አመስግኚኝ እንጂ» አለ።

«በእናትህ አባዬ… ምነው ያን ቀን ከነሱ ጋር በሞትኩ!»

ቀበቶው አረፈ። ደግሞ። ጥሩወርቅ እየጮኸች በሩን በረገደችው፤ አልጋና አቧራ ብቻ። መልሳ ዘጋችው፤ ልጇ ታለቅሳለች።

ምንይችል የሚስቱን ትከሻ ያዝ አደረገ። ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየችው ፈገግታ ፊቱን አብርቶታል።

«ሰማሽ?» አላት። «በሕይወት አለች።»